ከክፈፉ ሥር የተሰቀሉት ሁለት ጠርሙሶች

የማኅበር አረቄ ጠጥተህ በውሃ ሞልተሃል ተብዬ ጽዋ ተከለከልኩ። አልጠጣሁም። ውሃም አልጨመርኩም። ይህን ያሉኝ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሐሰት መሆኑን የገለጠችው ሴት ግን ሞታለች። የሞቷን ወሬ የነገረኝ ደምበጫ ላይ ባጃጅ የሚነዳ የድሮ ተማሪዋ ነው። «መምህርት ዘይነብ አረፈች፤ አገሯ ወሎ ነው የተቀበረችው» አለኝ። በምን ሞተች ብዬ ብጠይቀው በሕመም አለኝ። ማን አስታመማት ብለው ግን አላወቀም። ሰው ተሳፈረበትና ሄደ።

ስለ እሷ ደግ ደጉን ብቻ እንድጽፍ የሚጠብቅ ካለ ይተወው። ስትመጣ አላመንኳትም። ከሄደችም በኋላ ብዙ ጊዜ አላመንኳትም።

የምኖረው ሮብ ገበያ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ብርዱ ለእንግዳ የማይመች አገር። ድንችና ገብስ አርሳለሁ። ግቢዬ ውስጥ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ የማከራያት አንዲት ክፍል አለችኝ። ዘይነብ ኬሚስትሪ እንድታስተምር ተመድባ ስትመጣ ያቺን ክፍል ያዘች። ቀጭን፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ሲያናግራት ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ነበረች። ሻንጣዋ አንድ ነው። ከሻንጣው ጋር ግን ጠርሙስና የመስታወት ቱቦ የሞላበት ካርቶን አወረደች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የማስተማሪያ ዕቃ ነው፣ ጋሼ።»

«ትምህርት ቤቱ መጋዘን የለውም?»

«መጋዘንስ አለው። ቁልፍ ነው የሌለው።»

እንዲህ ያለ መልስ አልወድም። ሚስቴን ጠርቼ «ከዚች ልጅ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» አልኳት።

ለሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ነበራት። «ማን ማንን ያዘ?» ትላለች። ጠዋት ቅቤው በብርድ ደርቆ ማንኪያ አልገባው ሲል ሚስቴን «ማን ማንን ያዘ?» ትላታለች። አመዳይ ድንቼን ፈጅቶት እየተራገምኩ ስገባ የጠቆረውን ቅጠል ከእጄ ተቀብላ እያገላበጠች «እዚህ ውስጥ ማን ማንን ያዘ?» ትለኛለች። እኔ ድንቼ ሞቶብኛል፤ እሷ ትጠይቀኛለች። ስትጠይቅ ደግሞ የሁለት እጆቿን ጣቶች ትቆላልፋለች። ጥብቅ አድርጋ ስትይዛቸው ጠጣር ነው። ላላ አድርጋ አንዱን በአንዱ ላይ ስታንሸራትታቸው ፈሳሽ ነው። እጆቿን ለያይታ ጣቶቿን ስትበትናቸው ጋዝ ሆነ ማለት ነው። «በረዶውም ውሃውም እንፋሎቱም ያው ናቸው፣ ጋሽ ይሁኔ። ልዩነቱ አያያዛቸው ላይ ነው» ትላለች። ተማሪዎቿ መንገድ ላይ ጣታቸውን እየቆላለፉ ያስመስሏት ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ለጎልማሶች ተብሎ በተከፈተው ትምህርት። ይህን ስትሰማ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ አምጥታ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሞለኪውል የምትለዋን ቃል እየቆራረስኩ አነበብኳት። አንብቤ ስጨርስ የተጻፈው ማንም በዓይኑ አይቶት ስለማያውቅ ነገር ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉን መለስኩላት። ሰው ሳይጠየቅ መጽሐፍ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

የማኅበሩ ነገር እንዲህ ነው። የሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጽዋው ከደረሰህ ስትታመም ይጠይቁሃል፤ ከቤትህ ሰው ሲሞት ይቀብሩልሃል። ከዘለለህ ብቻህን ነህ። ያን ዓመት በጥር፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ከፋሲካ ወዲያ ለምናደርገው ድግስ አረቄ ወጣና በጄሪካን ተሞላ። እኔ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ፤ ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ያለኝ እኔ ነኝና። የጄሪካኑ ክዳን ጠፍቶ ነበር። ማን እንዳጠፋው የምጠረጥረው ሰው አለ። ክዳን ሲጠፋ እንደምናደርገው ሁሉ ፍሬው በተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፍነው።

ሁዳዴን ሙሉ ማንም አልነካውም። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው የሚካኤል ዕለት ጄሪካኑን ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ አያ አዱኛ ነው። አረቄ ከመቀዳቱ በፊት ሳህን ላይ ጠብ ተደርጎ ክብሪት ይጫርበታል፤ ከነደደ አረቄ ነው። አያ አዱኛ ጫረ። ክብሪቱ ጢስ ብሎ ጠፋ። እንደገና ጫረ። ጠፋ። ጄሪካኑን አንስቶ ወዘወዘው፤ ጎድሏል።

«ይሁኔ፣» አለኝ፣ «ሁዳዴን እንዴት ጾምከው?»

ሰው ሳቀ።

«አልነካሁትም» አልኩ።

«አንተማ አልነካኸውም። እሱ ነው የነካህ። ስትጠጣው ጎደለ፣ ውሃ ስትጨምርበት ሞተ።»

ማልኩ። የሰማኝ የለም። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ከጎኔ የነበረው ሰው በፊቴ አሳልፎ ለወዲያኛው ሰጠው። እጄን ዘርግቼ ነበር። የተዘረጋች እጄን ምን እንደማደርጋት ጠፍቶኝ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት።

ቤት እናቴ ታማ ተኝታለች። አርጅታ ነበርና የምትጨነቀው ማን እንደሚቀብራት ብቻ ነው። ስገባ «ጽዋ ደረሰህ ወይ?» አለችኝ። «ደረሰኝ፣ እማ» አልኳት።

ሮብ ገበያ ላይ የማይሰማ ነገር የለም። በማግስቱ ዘይነብን ዕቃ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጄሪካኑ የት ነበር የተቀመጠው?»

«ምን አገባሽ?»

«ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ጋ ነው? በምን ነበር የተወተፈው?»

አጠያየቋ የፖሊስ ነው። አያ አዱኛ ልኳት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ውጪልኝ አልኳት። አልወጣችም። ከቦርሳዋ ሳኒታይዘር አወጣች፤ ኮሮና የመጣ ጊዜ ሁሉም ሰው ይዞት ይዞር የነበረውን ዓይነት።

«እጆችዎን ይስጡኝ» አለች። በአንደኛው መዳፌ ላይ ከሳኒታይዘሩ፣ በሌላኛው ላይ ውሃ ጠብ አደረገች። «አሁን ይጠብቁ።»

መዳፎቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ሳኒታይዘር ያለበት እጄ በረደው፤ ትንሽ ቆይቶም ደረቀ። ውሃው እንዳለ ነው።

«ማን ሰረቀው?» አለችኝ።

የደረቀውን መዳፌን ገልብጬ አየሁት።

«አረቄ ማለት አልኮልና ውሃ ተደባልቀው ነው። ውሃ እርስ በርሱ በብርቱ ይያያዛል። አልኮል አያያዙ ላላ ያለ ነው። ቆርቆሮው ሲግል ቶሎ ይለቅና በቆረቆንዳው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የቀረልዎት አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ የጨመረበት ሰው የለም፣ ጋሽ ይሁኔ። አልኮሉ ነው ጥሎት የሄደው።»

«ሲሄድ ማን አየው?»

«እጅዎ አላየውም?»

እጄን አሸተትኩት። አንድ ተንኮል ያለበት መስሎኝ ነበር።

«ከኔ ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም። እርስዎን ብዙም አልወድዎትም» አለች፣ ሳኒታይዘሩን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «ግን የተባለው ስህተት ነው።»

ትንሽ ያመንኳት ይህን ስትል ነው። የሚወድህ ሰው ምን እንደሚፈልግ አታውቅም።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ጠበቀቻቸው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። አያ አዱኛና ሌሎች የማኅበሩ ሰዎች ከበቧት። ለእኔ ያስረዳችኝን ለእነሱም አስረዳች፤ ጣቶቿን እየቆለፈች፣ እየፈታች።

«አንቺ አረቄ ትቀምሻለሽ?» አላት አያ አዱኛ።

«አልቀምስም። ሙስሊም ነኝ።»

«እንግዲያ ያልቀመስሽውን ልትመሰክሪ መጣሽ።»

«የሚመሰክሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስርቆቱን በውሃ የሚሸፍን ሰው እስከ አፉ ይሞላዋል እንጂ አጉድሎ ያመጣዋል?»

«ሰክሮ ይሆናላ» አለ። ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ያቀረበችው ሐሳብ ይህ ነው። ከአንድ አዲስ አረቄ ሁለት ጠርሙስ ይሞላ። አንዱ በክዳኑ ይከደንና በሰም ይታሸግ፣ ሌላው በቆረቆንዳ ይወተፍ። ለሰኔ ሚካኤል ሁለቱም ክብሪት ይጫርባቸው። በዚህ ተስማሙ። የት ይቀመጥ ሲባል ግን ማንም ማንንም እንደማያምን ታየ። ይሁኔ ቤት አይሆንም አሉ። አያ አዱኛ ቤትማ አይታሰብም አልኩ። የሦስተኛው ስም ሲነሳ አራተኛው አጉረመረመ።

«በዚህ ከተማ አረቄ ተቀምጦ የማይጎድልበት ቤት የመምህርቷ ብቻ ነው» አለ አያ አዱኛ።

ፊቷ ተለወጠ። «ቤቴ አይገባም» አለች። «ለእኔ ክልክል ነው።»

«እንግዲያ ነገሩ ይቅር።»

የሻሿን ቋጠሮ አጠበቀች። ከዚያ «ከውጭ ይሰቀል» አለች። «ከክፈፉ ሥር፣ በሽቦ። ፀሐይ ያገኘዋል፤ መንገደኛም ያየዋል። ማንም ሳይታይ አይነካውም።»

እንደተባለው ሆነ። አዲሱ አረቄ አመሻሽ ላይ ተጭሮበት ሳህን ላይ ነደደ። ሁለቱ ጠርሙሶች በሰው ፊት ተሞሉ፤ አያ አዱኛ የራሱን ክር አምጥቶ በሁለቱም አፍ ላይ አሰረ፤ መንገድ በሚያየው ክፈፍ ሥር ተሰቀሉ።

በእኛ አገር በደጅህ ላይ ጠርሙስ ተሰቅሎ ከታየ እዚህ ቤት አረቄ ይሸጣል ማለት ነው። እሷ እንግዳ ናትና አላወቀችም። የነገራት የለም። አያ አዱኛ ሲሰቅል ያውቅ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ሮብ ዕለት ገበያተኛው ወረደ። ፈረሱን የሚጎትት አንድ ሰው በሯን አንኳኳ።

«እመቤት፣ አንድ መለኪያ።»

«የምን መለኪያ?»

«የአረቄ ነዋ። ለብርዱ።»

«እዚህ አረቄ አይሸጥም፣ አባቴ። ይሄ የተሰቀለው ለሳይንስ ነው።»

ሰውየው ጠርሙሶቹን ቀና ብሎ አየ። «እሺ፣ ከሳይንሱም ቢሆን አንድ መለኪያ ቅጂልኝ።»

ሚስቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሌላ መጣ፤ ከሱ በኋላም ሌላ። ደብተር ስታርም ያንኳኩባታል፣ ስትሰግድ ያንኳኩባታል። አንድ ቀን መረረኝና «ግቢዬን አረቄ ቤት ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «አውርጂው ካሉኝ አሁን አወርደዋለሁ። ጽዋዎን ግን ይርሱት።»

ዶማዬን አንስቼ ወደ ድንቼ ወጣሁ። ጠርሙሶቹ እንደተሰቀሉ ቀሩ።

ጠዋት ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። በሰም የታሸገው እንዳለ አለ። ባለቆረቆንዳው ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ተደብቃ እያፈሰሰችው ቢሆንስ? ቢደረስባት እኔም አብሬ ልጠፋ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት በሄደችበት ሰዓት ከአያ አዱኛ ክር በላይ የራሴን ቀጭን ክር አሰርኩበት። ክሬ አልተነካም። አረቄው ግን ወረደ።

ከእሷም ዘንድ የሆነ ነገር እንዳለ አይ ነበር። ከተማችን ውስጥ ያሉት ሙስሊሞች ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ በበዓላቸው ቀን ሳህን ይላላካሉ። በዚያ ዓመት በዓል ወደ እሷ የመጣም ከእሷ ዘንድ የወጣም ሳህን አላየሁም። ርእሰ መምህሩም ቢሮው ጠርቶ እንዳነጋገራት ተሰማ። ተጣልታ ይሆናል አልኩ። ጸባይዋ አስቸጋሪ ነው አልኩ።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ጠዋት ዘንቦ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣ። ማኅበሩ በሙሉ ግቢዬ ገባ። አያ አዱኛ ክሮቹን መርምሮ የራሱ መሆናቸውን አመነ፤ የእኔንም ክር አይቶ ገላመጠኝ። ከባለቆረቆንዳው ጠርሙስ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ ጫረበት። ክብሪቱ ጢስ ብሎ ጠፋ። በሌላ ሳህን ላይ በሰም ከታሸገው ጠብ አድርጎ ጫረበት። ምንም አልታየም።

«ይሄም አልነደደም» አለ። «ነገሩ ሁሉ ተረት ነበር ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ የአልኮል ነበልባል በፀሐይ አይታይም» አለች ዘይነብ ከበሯ ላይ ሆና። «እጅዎን እንዳይሰዱት።»

እሷ ያለችውን ላለመስማት ሲል ጣቱን ሰደደው። «ኧረ በላኝ፣ በላኝ» እያለ እጁን አራገፈ። ቆዳው ተቆጣ። ማኅበሩ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።

«የቆረቆንዳው ላይ ውሃ የጨመረ አለ?» አለች ሳቁ ሲበርድ።

ክሩ የአያ አዱኛ ነው። ጣቱን እየላሰ «ጽዋውን አምጡ» አለ። ጽዋው መጣ፤ በእጄ ያዝኩት፤ ጠጣሁ።

ዘይነብ አልተጠጋችም። ሲወጡ ግን ከበሯ ወርዳ አስቆመቻቸው። «አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠርሙሱ ለምን እንደተሰቀለ ለሰው ንገሩልኝ። በተለይ ለመስጊዱ ሼህ። እኔ ብናገር አላመኑኝም።»

«ምን ችግር አለው፣ እንነግራለን» አለ አያ አዱኛ። ሌሎቹም እንነግራለን አሉ።

አልነገሩም። የተቃጠለ ጣት ያለበትን ወሬ ማን ያወራል። አረቄ የምትሸጠው መምህርት የሚለው ይጣፍጣል፤ እሱ ተወራ። እናቴ በሐምሌ ሞተች። ማኅበሩ በዝናብ ቆሞ ቀበራት። ዘይነብ በዚያው ክረምት ዝውውር አግኝታ ለቀቀች። ካርቶኗን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘኋት።

«ለምን ትሄጃለሽ? ቤቱ ጠበበሽ?» አልኳት።

«ጋሽ ይሁኔ፣» አለችኝ፣ «እዚህ አገር እኔን ማን ያዘኝ?» መልስ ሳትጠብቅ መኪናው ውስጥ ገባች። ጣቶቿን አልቆለፈችም፤ እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር።

የሳህኑን ነገር ሚስቴ ያስረዳችኝ ከዚያ በኋላ ነው። አረቄ ትሸጣለች ተብላ ከእሷ ቤት ምግብ የሚበላ ጠፍቶ፣ ሰላምታዋን የሚቀበል ጠፍቶ ነበር። እኔ በሯ አጠገብ እየኖርኩ የማየው ጠርሙሱን ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ የሞቷን ወሬ በሰማሁ በጥቂት ቀን የኅዳር ሚካኤል ሆነ። ተራው የአያ አዱኛ ቤት ነው። ጽዋው ዞሮ ደረሰኝ። ተቀበልኩት፣ ያዝኩት።

«አሳልፍ እንጂ» አለ ከጎኔ ያለው።

«አላሳልፍም።»

«ምን ሆነሃል?» አለ አያ አዱኛ።

«መምህርት ዘይነብ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር አይበቃም። ቃል ገብታችሁላት ነበር። ለሼሁ አልነገራችሁም።»

«ሞታለች እያልክ። አሁን ምን ይጠቅማታል?»

«እናቴም ሞታ ነበር» አልኩ። «ስትቀብሯት ምን ጠቀማት?»

ጠላው ጽዋው ውስጥ አረፋው እየጠፋ ሄደ። ከእኔ ወዲያ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እንዲያዩት የፈለግሁት ያንን ነው።

«ነገ እንሄዳለን» አለ አያ አዱኛ በመጨረሻ። «አሁን አሳልፈው።»

አሳለፍኩት።

በማግስቱ ሁለታችን መስጊዱ በር ላይ ቆምን። እንዳይሸሽ ብዬ ከኋላው ነበርኩ። ሼሁ ወጡ። አያ አዱኛ ቆረቆንዳውንም፣ ክሩንም፣ ጣቱንም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ጠባሳውን አሳያቸው። ሼሁ «እኛኮ ክፉ አላልናትም» አሉ። ታዲያ ሳህኑን ማን ከለከላት ልላቸው አፌ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እውነታቸውን ይሁን አይሁን አላውቅም። ስልካቸውን አወጡ። ያን ጊዜ ወሬው አገሯ ደርሶ አባቷ ደውሎላቸው ስለነበር ቁጥሩ ነበራቸው። ደውለው ለአያ አዱኛ ሰጡት።

«እኔ የሮብ ገበያ ሰው ነኝ» አለ አያ አዱኛ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ። «ልጅዎ እዚህ ሳለች አረቄ አልሸጠችም። ጠርሙሱን ያሰቀልናት እኛ ነን። ለሰው ብላ ነው የሰቀለችው።»

ከወዲያ በኩል የአባቷ የሽማግሌ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

«እሱንስ እኛም እናውቃለን» አለ። «ከእናንተ አፍ እስኪመጣ ነበር የምንጠብቀው።»

ይህ የሆነው ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ የሚካኤል ማግስት ነው።